አፋቸው ላይ የጫንኩት እጅ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። አብረውኝ ላገለገሉ ሽማግሌዎችም አልነገርኩም። ተንበርክኬ ስጸልይ እንኳ እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ቶሎ ብዬ ወደ ሌላ ልመና አልፍ ነበር፤ እግዚአብሔር ያላየው ይመስል። አሁን ዕድሜዬ ሄዷል፣ ጉልበቴም እንደ ልብ አይታጠፍልኝም። ትምህርቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፊደል ከመቁጠር አላለፈምና አጻጻፌን ታገሡኝ።

እኔ አንዲት እናት በልጇ ሬሳ ላይ እንዳታለቅስ አፏን በእጄ አፍኛለሁ።

ከአምቦ አለፍ ብላ ባለችው በጌዶ ከተማ ነበርን። ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ዘግቶ የቀበሌ እህል ማከማቻ ካደረገው ወዲህ እሑድ ጠዋት በየተራ በሰው ቤት ነበር የምንጸልየው፤ መዝሙሩም በሹክሹክታ ነው። እኔ ያኔ ወንጌላዊ ነበር የምባለው፣ መጋቢ ያሉኝ ኋላ ነው። አምቦ፣ ያኔ በመንግሥት ወረቀት ሀገረ ሕይወት የምትባለው ከተማ፣ ታስሬ ከተፈታሁ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። እስር ቤት ያየሁትን አልጽፍም፤ ከጻፍኩት ታዝኑልኛላችሁ፣ እኔ ደግሞ ለዚያ አልተቀመጥኩም። ሲለቁኝ የጥበቃው አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ወንጌላዊ፣ ሁለተኛ ሰው ሰብስበህ ብትገኝ ጌታህ ራሱ ዋስ ሆኖ ቢመጣ አንለቅህም» አለኝ። አብረውት የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት ብዬ እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ያን እሑድ ተራው የአዴ ጫልቱ ነበር። አዴ ጫልቱ፣ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ያሏቸው ልጆች ገመቹና ትንሿ ሌንሴ ብቻ ናቸው። ሌንሴ ያን ጠዋት አክስቷ ዘንድ ነበረች። ገመቹ ደግሞ ለበቆሎ ሥራ ባኮ ወርዷል። ቤታቸው መንገድ ዳር ነው፤ ከመንገዱ ማዶ የአብዮት ጥበቃዎቹ ዘብ ቤት አለ። በሩን ዘግተን ተንበርክከን ሳለን የጭነት መኪና መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ለእኔ የመጡ መሰለኝ። በሩ ሲከፈት ግን የገቡት ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው፤ በሸራ የተጠቀለለ ሬሳ ተሸክመዋል። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ወባ ነው፣ እናቴ። መንገድ ላይ ነው ያረፈው» አለ። ገመቹን መሬት ላይ አስተኙትና ወጡ።

አዴ ጫልቱ ሸራውን ገለጡ። አዩት። እጃቸውን ወደ ደረታቸው አነሱ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ «ያ ኢልማ...» አሉ።

«ያ ኢልማ ኮ» ሊሉ ነው። ልጄን፣ ወይ ልጄን ማለት ነው። በእኛ አገር እናት እንዲህ ብላ ስትጮህ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ጎረቤቱ ይሮጣል፣ መንገደኛው ይሮጣል፣ ጥበቃውም ይሮጣል። ሮጦ ሲገባ ማንን ሊያገኝ ነው? እኔን ነዋ፣ ከሰበሰብኳቸው ሰዎች ጋር!

እጄን አፋቸው ላይ ጫንኩ።

አንቱ ስላቸው የኖርኩትን እናት «ዝም በይ!» አልኳቸው። እንቢ ሲሉ አጥብቄ ያዝኩ፤ ከንፈራቸው ጥርሳቸው ላይ ሲጨፈለቅ በመዳፌ ተሰማኝ። ጩኸቱ መውጫ ሲያጣ በአፍንጫቸው ወጣ፣ ትኩስ ትንፋሽ ሆኖ ጣቶቼ ላይ። ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ፣ «አማኝ አያለቅስም። ተስፋ የሌለው ነው የሚያለቅስ። ጌታን አታሳፍሪው» አልኩ።

ጌታን! ጌታ ራሱ በወዳጁ መቃብር ደጃፍ ማልቀሱን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ፣ ሰብኬበታለሁም። ፈርቼ ነበር። ፈራሁ ለማለት ግን አፈርኩ፤ ስለዚህ ወንጌል ነው አልኩ።

ሰዎቹ አንድ በአንድ በጓሮ ወጡ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደያዝኳቸው ነበርኩ። ቀስ በቀስ ሰውነታቸው ላላ። እጄን ሳነሳ አልጮሁም። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ዓይን መክደን ጀመሩ። እኔም በጓሮ ወጣሁ።

ቀብሩ ላይም ዝም አሉ። በአጥር የሚዋሰኗቸው የኦርቶዶክስ ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ ቆዩና ወደ እኛ ዞረው፣ «እናንተ ጴንጤዎች! ስኳሩ በራሽን፣ ሳሙናው በራሽን፣ እንባውም በራሽን ሆነ እንዴ?» አሉን። ለገመቹ ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ከቀብሩ በኋላ ኦቦ ደበላ የሚባሉ፣ ያን ጠዋት አብረውን የጸለዩ ሽማግሌ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አየሁ፣ ወንጌላዊ። እጅህን ስትጭንባቸው መጽናናት ሲወርድ በዓይኔ አየሁ» አሉኝ።

እጅ መጫን! እኛ ዘንድ አገልጋይ ለታመመና ላዘነ ሰው እጁን ጭኖ ይጸልያል። ኦቦ ደበላ ሲወጡ ዞር ብለው ያዩት የተጨፈነ ዓይንና የሚንቀሳቀስ ከንፈር ነው፤ እጄ ግንባር ላይ ይሁን አፍ ላይ አላስተዋሉም። እኔ ምን አልኩ? «ክብር ለጌታ» አልኩ።

ነገሩ ምስክርነት ሆኖ ወደ ታች እስከ ባኮ፣ ወደ ላይ እስከ አምቦ ሄደ። ወንጌላዊው እጁን ጫነባት፣ ልጇን ሳታለቅስ ቀበረች ተባለ። ውሎ አድሮ ሥርዓት ሆነ። ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ ይጠሩኛል፤ እኔም እሄድና የአዴ ጫልቱን ስም እየጠራሁ እናቶችን ዝም አሰኛለሁ። ስንቷን ዝም አሰኘሁ? አባቶቻችን ሙት የሚሸኙበት ወግ ነበራቸው፤ ስሙን እየጠሩ፣ እርሻውን፣ በሬውን፣ ደግነቱን እያነሱ ያለቅሱለት ነበር። ያን ሁሉ የጨለማ ሥራ ነው ብዬ አስቀረሁ። በቦታው ምን ሰጠኋቸው? መዳፌን።

አዴ ጫልቱ አንድ ቀን እንኳ ውሸት ነው አላሉም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ደኅና ነህ ወይ ይሉኛል፤ ዓይኔን የምሰብር እኔ ነኝ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ የእኛ መሰብሰብ ግድ የሚለው ሰው በጠፋበት ጊዜ፣ አዴ ጫልቱ ታመው ተኙ። ተጠርቼ ሄድኩ። ቤቱ በአማኝ ተሞልቷል። ሌንሴ አድጋ፣ ልጅ አዝላ፣ ራስጌያቸው ተቀምጣለች። እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። አዴ ጫልቱ አየር ላይ ያዙት።

«ዛሬ አትጫንብኝ» አሉ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እንዲሁ ጸልይ።»

ጎንበስ አልኩ።

«ያን ቀን እጅህ እንዴት ይንቀጠቀጥ ነበር! ሊወስዱህ ነው ብዬ አዘንኩልህ። የኔውስ ሞቷል። አንተ እንኳ ትረፍ ብዬ ዝም አልኩ፣ ኢልማ ኮ።»

ኢልማ ኮ። መዳፌ ውስጥ ባስቀረሁት ቃል እኔን ጠሩበት።

ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ፣ ሕዝቡ ፊት፣ ሌንሴ ፊት። አላልኩም። ረጅም ጸሎት ጸለይኩ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሌንሴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቀና ብላ አየችኝ። ፈቃድ እየጠየቀችኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ያን ጊዜ ከቤታቸው ማዶ ያለው ዘብ ቤት ባዶ ነው፤ የሚያስረኝ ሰው የለም። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ጩኸቷን ዋጠችው።

እንግዲህ ደርግ ነው አልልም። የፊተኛውን በፍርሃት አደረግሁት፤ የኋለኛውን ስሜ እንዳይጎድፍ ብዬ አደረግሁት። ስንቱን ያጠመቅሁት፣ ስንቱን የባረክሁት በዚሁ እጅ ነው፤ ሌላ እጅ የለኝም።

ሌንሴ፣ ይህን የጻፍኩት ላንቺ ነው፤ ሌላው አንባቢ ምስክር ይሁንብኝ። እናትሽ ዝም ያሉት መጽናናት ወርዶባቸው አይደለም፣ እኔን ለማትረፍ ነው። ይቅር በይኝ ብዬ ደግሞ አፍሽን አልይዝም። ወረቀቱን አስቀምጪና ለወንድምሽም ለእናትሽም ጩኺላቸው፣ ጎረቤት ይስማ። እኔም በሕይወት ካለሁ እመጣለሁ፤ እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ ደጃፍሽ ላይ እቆማለሁ።