በሌላ ሰው ስም የሰጠሁት ይቅርታ

እኔ የታሰርኩት በማኅተም ነው። ሌላው ሰው ዱላ ይዞ፣ ጠመንጃ ይዞ ይታሰራል፤ እኔ ከጫማ ሶል የቀረጽኩትን የቀበሌ ማኅተም ይዤ ታሰርኩ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የኔታ ብራና ማስመር አስተምረውኝ ነበርና እጄ ለቅርጽ የተባረከ ነው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ተቀምጬ ለባላገር ማመልከቻ ስጽፍ፣ ማኅተም የለውም እየተባለ ስንቱ ከይጁቤ ድረስ በእግሩ ሲመላለስ አይቼ አዘንኩ። ሐዘኔ አራት ዓመት አስፈረደብኝ። ዳኛው ማኅተሙን አንስተው አገላበጡት። ጥሩ ሥራ መሆኑ እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፤ በፍርዱ ላይ ግን አልጠቀሱትም።

ውስጥ ገብቼም ሥራዬን ቀጠልኩ። መጻፍ የሚችል እስረኛ ሥራ አይፈታም። በተለይ የእርቅ ወረቀት ፈላጊው ብዙ ነበር። ሰው ገድሎ የታሰረ ሰው ለይቅርታ ሲያመለክት ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቁን የሚያሳይ ወረቀት ያቀርባል። እርቅ በእኛ አገር ረጅም ሥራ ነው፤ ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ቄስ መስቀል ይዞ መሀል ይገባል፣ የሟች ወገን እምቢ ይላል፣ ዓመት ያልፋል፣ እንደገና ይለመናል። ወረቀቱ ግን ግማሽ ገጽ ነው። እኔ ግማሽ ገጿን እሠራ ነበር።

አጠገቤ የሚተኛ አንድ ሰው ነበር። ሽመና የተማረው እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ሁሉም ሸማኔው ይለዋል። ከመታሰሩ በፊት ደብረ ኤልያስ አካባቢ ገበሬ ነበር፤ በድንበር ጠብ ጎረቤቱን ገደለ። ስለዚያ ቀን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። “አንዲት ትልም ነበረች” ይላል። ጎረቤቱ አንዲት ትልም ወደ እሱ መሬት አልፎ አረሰ ማለቱ ነው። እኔ በገባሁ ሰሞን በብርድ ስንቀጠቀጥ አይቶ የሠራውን ጋቢ አለበሰኝ፤ ምንም አልጠየቀኝም። ውለታውን በምችለው መመለስ ነበረብኝ፤ የምችለው ደግሞ አንድ ነገር ነው።

በሟች ሚስት ስም ጻፍኩለት። “እኔ የሟች ባለቤት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ስለ እግዚአብሔር ብዬ ከልቤ ይቅር ብያለሁ” የሚል ነበር። በስሩ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ በእሷ ፈንታ ተጫንኩ። ማኅተሙን ከሳሙና ቀረጽኩት። ለሸማኔው “ሽማግሌ ልኬልህ ነበር፤ ይቅር ብላሃለች” አልኩት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሲጸልይ የሴትዮዋን ስም ከልጆቹ ስም ቀጥሎ ይጠራ ጀመር። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

የእሱ ጉዳይ ሳይወሰን እኔ ጊዜዬን ጨርሼ ወጣሁ፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወደ ነበረው ቦታዬም ተመለስኩ። አንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት የተላከ ሰው መጥቶ ፊቴ ቆመ።

“ታስረህ ነበር?” አለኝ።

“አዎ።”

“መጻፍ ትችላለህ?”

“እችላለሁ።”

“ሰኞ ሦስት ሰዓት የኮሚቴ ስብሰባ አለ፤ የቀድሞ ታራሚዎች ተወካይ ሆነሃል” ብሎኝ ሄደ። ለምን እንደ ታሰርኩ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ማቆየት አልወድም።

ኮሚቴው ከእስር የሚወጡ ሰዎች አገራቸው ገብተው በሰላም እንዲኖሩ የሚያግዝ ነው። ሰብሳቢው የቢሮ ሰው ናቸው። ከሌላ ከተማ የመጣች አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ አለች፤ “የታራሚው ድምፅ መሰማት አለበት” ያለችው እሷ ናት። አንድ ሽማግሌ ቄስም አሉ። የታራሚው ድምፅ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ስብሰባዎች የድምፁ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነበር።

በአራተኛው ባለሙያዋ ወደ እኔ ዞራ “አንድ ሰው ሲፈታ ከሁሉ በፊት ምን ያስፈልገዋል?” አለችኝ።

“ሌላ መንገድ” አልኳት።

“መንገድ የእኛ ዘርፍ አይደለም” አሉ ሰብሳቢው።

አስረዳሁ። ሰው የገደለ ሰው ሲፈታ ከመኪና የሚወርድበትን ቦታ የሟች ወንድሞች ከእሱ በፊት ያውቁታል። ስለዚህ የእንጨት ሥራ ስልጠናው ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ግን ሰውየው በየት በኩል፣ በምን ቀን፣ እነማን ዘንድ እንደሚገባ ይጠየቅ። ደግሞ ከሰኔ በፊት ድንበር የሚጋፉ ጎረቤቶችን አስቀምጦ የሚያነጋግር ሽማግሌ ቢመደብ፣ ግማሹ ሰው እኛ ዘንድ ባልመጣ ነበር። “እኛ ዘንድ” ያልኩት እስር ቤቱን ነው፤ አፌ ገና አልለመደም። ባለሙያዋ ጻፈችው፤ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም የራሴን ንግግር በራሴ እጅ ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እናቴ ብታየኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ የይቅርታው ዝርዝር መጣ። ስምንት ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ሰብሳቢው አዲስ ሐሳብ ነበራቸው፤ የሚፈቱት ሰዎች በየወረዳቸው፣ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በድምፅ ማጉያ ይተዋወቁ አሉ። “ኅብረተሰቡ ይቀበላቸው” አሉ። እኔ መጻፌን አቁሜ ሦስተኛውን ፋይል እያየሁ ነበር። የእርቅ ወረቀቱ ከላይ ነው። ጽሕፈቱን አወቅሁት። የአውራ ጣት አሻራውን ደግሞ መሀሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ያቋርጠዋል፤ በልጅነቴ ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ ነው።

ፋይሉ የሸማኔው ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያሰብኩትን አልደብቅም። በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፤ ብናገር እታሰራለሁ። ሁለተኛ ያሰብኩት ስለ ሸማኔው ነው፤ ብናገር ይቅርታው ይቀርበታል። ሦስተኛ ያሰብኩት ስለ ሟች ወንድም ነው። ጠመንጃውን ወልውሎ እንደሚጠብቀው እስረኛ ከሚጠየቅበት አጥር ስንቴ ሰምቻለሁ። ዝም ካልኩ ሸማኔው ይቅር ተብያለሁ ብሎ፣ ባዶ እጁን፣ እየሳቀ፣ ደብረ ኤልያስ ገበያ መሀል ይቆማል። የቆመበትንም ቦታ በድምፅ ማጉያ እንነግርለታለን።

“ይህ ሰው ከዝርዝሩ ይውጣ” አልኩ።

“ምን ጎድሎት?”

“እርቁ ሐሰት ነው።”

“በምን አወቅህ?”

“የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጣቱም የእኔ ነው።”

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀመጡና “ይህ በቃለ ጉባኤ አይያዝ” አሉ። ይዤው ነበር። ባለሙያዋ የቀሩትን ፋይሎች አንድ በአንድ እያወጣች የእኔን ጣት ትፈልግ ጀመር፤ ሁለት አገኘች። ድምፄ እንደዚያ ቀን ተሰምቶ አያውቅም። በመሀል ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው “ለመሆኑ ሴትዮዋን የጠየቀ አለ?” አሉ።

ለሸማኔው መንገር የእኔ ሥራ ነበር። መጠየቂያው አጥር ላይ ቆሜ ነገርኩት። ሽቦውን ይዞ ሰማኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

“ስለዚህ እሷ አታውቅም” አለኝ።

“አታውቅም።”

“ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟን ስጠራ።”

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ብጠራው አልዞረም።

በሳምንቱ ወረቀቱን ይዘን ከቄሱ ጋር ወደ ሴትዮዋ ዘንድ ሄድን። ጉልበታም መልክ ያላት፣ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ደጅ ላይ ጌሾ ታሰጣለች። ለቄሱ በርጩማ አወጣች፤ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ እኔን ቁምም ተቀመጥም አላለችኝም። ቄሱ የመጣንበትን ሲነግሯት አላቋረጠችም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞራ “ወረቀቱን አንብብልኝ” አለችኝ።

አነበብኩላት። ስለ እግዚአብሔር ብዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከልቤ… እስከ መጨረሻው ሰማች።

“ጥሩ ተናጋሪ ነኝ” አለች።

“ይቅር ይበሉኝ፣ እሜቴ” አልኳት።

“አሁን ደግሞ ላንተም?” አለች፤ ጌሾዋንም መበተን ቀጠለች። ቀና ሳትል፣ “መጥታችሁ ብትጠይቁኝ እምቢ እል ነበር። ግን እምቢ ያልኩት እኔ እሆን ነበር። ባሌን እሱ ወሰደብኝ፤ አፌን ደግሞ አንተ ወሰድክብኝ” አለችኝ። በሕይወቴ ብዙ ተቆጥተውኛል፤ የኔታ በአለንጋ፣ ዳኛው በዓመት። እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ቄሱ ተነሥተው “እንመለሳለን፣ ልጄ” አሏት። “መመለሱን ይመለሱ፣ አባ” አለች፤ “ይሄን ሰው ግን አያምጡብኝ።”

እንዳለችውም ሆነ፤ በሐሰተኛ ሰነድ ተከስሼ አስር ወር ተፈረደብኝ። ኮሚቴው መሰብሰቡን አልተወም። በቃለ ጉባኤው ላይ “የቀድሞ ታራሚዎች ተወካይ፦ በሥራ ምክንያት ያልተገኙ” ተብሎ መጻፉን ባለሙያዋ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ነገረችኝ። ሌላም ነገር ነገረችኝ፤ የገበያው ቀን ሥነ ሥርዓት ቀርቷል፤ ከእንግዲህ ማንም ከመፈታቱ በፊት የሟች ቤተሰብ በቤቱ፣ በአካል ይጠየቃል። “በአንተ ምክንያት ነው” አለችኝ። ምስጋና ይሁን ክስ አልለየሁትም።

ወደዚያው ክፍል ነው የመለሱኝ። ሸማኔው ከእኔ በሁለት ሰው ርቀት ይተኛል። ለወራት አላናገረኝም። ጠዋት ሲጸልይ የሴትዮዋን ስም አይጠራም ነበር፤ ይህን እያዳመጥኩ አረጋግጫለሁ። ቄሱ በበኩላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ደብረ ኤልያስ ይመላለሱ ነበር። ሴትዮዋ አንዴ አላስገባቻቸውም። አንዴ አብልታ ሸኘቻቸው፤ ስለ ጉዳዩ ግን አልተነጋገሩም።

በመጨረሻ የሸማኔው መፈቻ ትእዛዝ መጣ፤ አብሮትም አንድ ወረቀት። ሸማኔው ማንበብ አይችልም። መጀመሪያ ለአንድ አስተማሪ የነበረ እስረኛ አስነበበው። ከዚያ አላመነውም መሰለኝ፣ ለጥበቃው አስነበበው። ሦስተኛ ላይ ወደ እኔ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ፤ ወረቀቱንም ዘረጋልኝ። ከአጥሩ ወዲህ ያለኝ የመጀመሪያ ቃል “አንብብ” ነው።

አምስት መስመር ነው። ባለሙያዋ ሴትዮዋ የተናገረችውን እንዳለ፣ ምንም ሳታሳምር ጽፋዋለች። “ይቅር አላልኩም። አስራ አንድ ዓመት ይበቃዋል፤ ይውጣ። የባሌን ወንድም ይዤዋለሁ፤ ጠመንጃውም እኔ ቤት ነው። በእኔ ደጅ አይለፍ፤ አማኑኤል ከተማ እህቱ ዘንድ ይቀመጥ። ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እላለሁ፤ ያን ቀን ራሴ እነግረዋለሁ።”

“የመጀመሪያውን ድገመው” አለኝ።

“ይቅር አላልኩም።”

ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰም። ቀና አለ።

“ስለዚህ መውጣቴን ታውቃለች” አለኝ።

“ታውቃለች።”

“እንግዲያውስ መውጣት እችላለሁ” አለና ዕቃውን ለመሸከፍ ተነሣ።