የኤርሳዶ መንሽ

ኤርሳዶ ወሎ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር። የማይመች ነገር ካየ እጁ አያርፍም፤ ጣጣ ያመጣበትም ይኸው ነው።

በ1972 መስከረም 10 ቀን ቀበሌያችን ከጉርድ ሾላ ወዲያ ያለማውን ድንች እንድናወጣ ሦስት መቶ ነዋሪ በዘመቻ ጠራ። ዕቅዱ ሁለት ሳምንት ነው። መስቀል ደግሞ በ17። ኤርሳዶ መስቀልን ዱራሜ እናቱ ቤት ሳይውል የቀረበት ዓመት የለም፤ ከከተማ ለመውጣት ግን የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሊቀመንበራችን ጓድ ዓለምሰገድ "ድንቹ ሳያልቅ ይለፍ የለም" ብለዋል።

እኛ በዶማ ስንቆፍር ግማሹን ድንች እንገምሰዋለን። ኤርሳዶ አንድ ቀን ይህን ሲያይ ዋለና በማግስቱ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ብረት የሠራቸውን ስድስት ባለ አራት ጣት መንሾች ተሸክሞ መጣ። መንሹን ከጎን ሰክቶ እጀታውን ጫን ሲለው ድንቹ ሳይቆረጥ ከነቤተሰቡ ብቅ ይላል። እኛ ከኋላ እየተከተልን መልቀም ብቻ ሆነ ሥራችን። በአራተኛው ቀን ማሳው ባዶ ነበር፤ ድንቹም ታጥቦ ጆንያ ገብቷል።

ኤርሳዶ ደስ ብሎት ይለፉን ሊጠይቅ ቢሮ ሲገባ ጓድ ዓለምሰገድ ደነገጡ።

"ማን ጨርስ አለህ? በ16 ከላይ የሚመጡት ጓድ ሕዝቡ ሲቆፍር ነው የሚያዩት። ካሜራም አለ። ምን ላሳያቸው?"

"ድንቹን ያሳዩዋቸው፣ ጓድ።"

"ጆንያ ውስጥ ያለ ድንች ዘመቻ አይባልም።"

ስለዚህ መልሰን ቀበርነው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ በመስመር፣ የታጠበ ድንች። ጎረቤቴ የሻሽወርቅ ሳቋን አፍና "ቅጠሉስ?" ብላ ጠየቀች። ቅጠሉም ተፈልጎ ተተከለ።

በ16 እንግዳው መጡ። በመንሹ አንዱን ሥር ራሳቸው ፈነቀሉና የሚያብረቀርቅ ድንች አወጡ። "አፈራችን እንኳ ንጹሕ ነው" አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወዲያው ሀገር ቤት ለሚሄድ ባለ ዶማ ሁሉ ይለፍ ታደለ። ኤርሳዶ ተራው ሲደርስ ግን ጓድ ዓለምሰገድ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"አንተማ የትም አትሄድም። ነገ የጎረቤት ቀበሌ ሊጎበኝ ሲመጣ መንሹን ማን ያስረዳል?"

መስቀልን ማሳው ላይ ድንች ሲቀብርና ሲያወጣ ዋለ። እናቱ የሥጋ ድርሻውን አስቀምጣ ሦስት ቀን መንገድ መንገዱን ስታይ እንደከረመች ኋላ ነገረኝ።

በዓመቱ መስከረም 11 ቀን ዘመቻው እንደገና ተጠራ። መንሾቹን የበላይ መሥሪያ ቤት ለኤግዚቢሽን ወስዶ መስታወት ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ኤርሳዶ ክፉኛ የተሳለ ዶማ ይዞ መጣ።

"ሌላ መንሽ ሥራ እንጂ" አሉት ጓድ ዓለምሰገድ።

"አሠራሩ ጠፋኝ፣ ጓድ።"

ከዚያ ዶማውን አነሣ። ያገኘውን ድንች ሁሉ ለሁለት፣ አንዳንዱን ለሦስት ከፈለው። እስከ ምሳ ሰዓት በእሱ መስመር አንድ ጤነኛ ድንች አልተረፈም። ጓድ ዓለምሰገድ ራሳቸውን ያዙ።

"ይህን ሰውዬ ከፊቴ አንሡልኝ፤ ሀገሩ ይሂድ" አሉና ይለፉን እዚያው ማሳው ላይ፣ ቆመው ፈረሙለት።

ኤርሳዶ ለመስቀል ስድስት ቀን ሲቀረው ተሳፈረ።