የአቦይ ተኽለ ግራጫ ሜዳሊያ

ትናንት እዚህ ጀርመን፣ ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር በምናጸዳው ቢሮ ውስጥ አዲሷ ሠራተኛ ኤንትካልከር፣ ያንን የቧንቧ ነጭ ቅርፊት የሚበላ መድኃኒት፣ የነሐስ እጀታ ላይ ልትገለብጥ ስትል ጮህኩባት።

«ምነው፣ ያባትህ እጀታ ነው?» አለችኝ።

የመድኃኒቱ ሽታ ብቻ አስር ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝ።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የዚሁ ከተማ ሌላ ሰፈር፣ ፕሮይንገስሃይም ነበር የምኖረው። ከታች ያለው ፎቅ ላይ አቦይ ተኽለ የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ወታደር አልነበሩም፤ ቦምብ ካፈረሰው ቤት ሥር ሰው ቆፍረው የሚያወጡ ነበሩ። ለዚህ ሁለት የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ሁለቱንም ሌባ ፈርተው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስለደበቁ ልጃቸው ሳባ እንኳ አይታቸው አታውቅም።

አንድ መስከረም ላይ የሰፈሩ እሳት አደጋ ሰዎች ለበዓላቸው ጠሯቸው። «ሜዳሊያዎን አድርገው ይምጡ» ተባሉ።

«ጠቁረዋል» አሉኝ። «ወርቅ ነው፣ ቀስ ብለህ ወልውልልኝ።»

«አቦይ፣ ሙያዬን ሊያስተምሩኝ ነው? የዚህን አገር ሽንት ቤት መስታወት ያደረግኩት እኔ አይደለሁም?»

አንዱን ኤንትካልከር ውስጥ ዘፈዘፍኩና የሰጡኝን ዝግኒ በዳቦ መጥረግ ያዝኩ። ስመለስ ወርቁ የለም። ግራጫ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ የብሎን ማስደገፊያ ይመስል።

ደሜ ፈላ። በራሴ ከምናደድ በሸላሚዎቹ ተናደድኩ። «ለጀግና ቅብ ይሰጣል? ሌቦች!»

አቦይ በሳቅ ፈረሱ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ቆርቆሮ በቆርቆሮ ውስጥ ስጠብቅ!» ከዚያ ሜዳሊያውን አገላበጡት። «ሳባ ትመጣለች እኮ። ሐሰተኛ ነው ብትለኝስ?»

በበዓሉ ቀን ግራጫውንም፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ የወለወልኩትን ወርቃማውንም ደረታቸው ላይ አደረጉ። የእሳት አደጋው አለቃ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄኛው ለምን ግራጫ ሆነ?» አለ። ሳባ አጠገባቸው ናት። እኔ ከኋላቸው ተሸጎጥኩ።

አቦይ ቀና ብለው በጀርመንኛ መለሱ፤ «ወርቁ በሕይወት ላወጣኋቸው ነው። ግራጫው ላልደረስኩላቸው።»

አለቃው ቆቡን አወለቀ። ሳባ የአባቷን ክንድ ይዛ አለቀሰች። እኔ የበዓሉን ቋሊማ ሳልጨርስ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «አቦይ፣ ዋሹ አይደል?» አልኳቸው።

«ኤንትካልከሩ ያንተ ነው» አሉኝ። «ሙታኑ ግን የኔ ናቸው።»

አቦይ ዛሬ የሉም። ወርቁን ሳባ ወሰደች፤ ግራጫው እንዲሰጠኝ ግን ተናዝዘው ነበር። ለምን ለኔ እንደሆነ እስካሁን ትጠይቀኛለች። ይህን ካነበበች ጉዴ ነው። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ የምፈትግ ሰው፣ እሱን በደረቅ ጨርቅ እንኳ ነክቼው አላውቅም።