የነዋሪ እናት

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ዛፎች በሚያብቡበት ወቅት። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ልጄ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትኖራለች። የምትታከምበት የከተማው የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ያኔ አርጅቶ ነበር። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ስልኩ አይነሣም፣ የሚከፈተውም በሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ልጄ አርሊንግተን ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ከሥራ ትቀራለች፤ ሥራ ስትገባ ቀጠሮው ያልፋታል። ቀጠሮ ሲያልፋት መድኃኒቱ ይቋረጣል። ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ እኔና እሷ እናውቃለን። አለቃዋም መታገሥ እያቃተው ነበር።

ከተማው ክሊኒኩን ለማደስና ማታም ለመክፈት ገንዘብ ይመድብ እንደሆነ በስብሰባ ሊመክር ነው፤ የፈለገ መጥቶ መናገር ይችላል ተባለ። የክሊኒኩ ነርስ ከቤተሰብ ወገን የሚናገር ሰው ስትፈልግ ልጄ እኔን ጠቆመች።

"አንቺ ለምን አትናገሪም?" አልኳት።

"እኔን እንደ በሽተኛ ነው የሚሰሙኝ፣ እማዬ። አንቺን እንደ እናት ይሰሙሻል።"

እንቢ ማለት አቃተኝ። የልጄን ሕመም ግን በአማርኛ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለጠየቀኝ ሁሉ መልሴ "ትንሽ ደክሟት ነው" ነበር። ክሊኒክ ስወስዳት እንኳ አጠገቡ ያለው ፓርኪንግ አልገባም፤ ጠባቂው የእኛ ሰው ነው። ሁለት መንገድ አልፌ አቆማለሁ። "በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው" እላታለሁ።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ በር ላይ ከተማው የመደበልኝን አስተርጓሚ ሳያት ክው አልኩ። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የምትቆም፣ የጽዋ ማኅበራችን አባል ናት።

"ውይ! የምትናገሪው አንቺ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ እኔ አይደለሁም። ልጄን ላደርስ ነው።"

"እማዬ! ጾም ላይ እኮ ነን!" አለች ልጄ።

ሴትዮዋን ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስሚኝ እኅቴ። ማኅበር ላይ የምታውቂያት ሴትዮ ዛሬ ቤቷ ናት። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የሰማሁትን እዚሁ ትቼው ነው የምወጣው።"

ወደ ልጄ ዞርኩ። አልለመነችኝም። ቦርሳዬን ብቻ ከእጄ ተቀበለችኝ።

ተራዬ ሲደርስ አማትቤ ቆምኩ።

"የዚህ ከተማ ነዋሪ አይደለሁም። የነዋሪ እናት ነኝ" አልኩ። ቀጥዬ አንገቴን ደፋሁ። "ልጄ የአእምሮ ሕመም አለባት።"

አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ ተቀበለችኝ። እንደ ደንባቸው በእኔ ቦታ ሆና፣ ልጄን "ልጄ" እያለች ነው የምትናገረው። እኔ አንገቴን የደፋሁበትን ቃል እሷ ቀና ብላ፣ ሰዎቹን እያየች አለችው። ሰማይ አልተደፋም። አንዲት የምክር ቤት አባል ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ያኔ እኔም ቀና አልኩ።

"እጸልያለሁ፤ ጠበልም ወስጃታለሁ። እግዚአብሔር ሐኪምም ሰጥቷታል፤ ደህና እየሆነች ነው። እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሥራሽና ከሕክምናሽ አንዱን ምረጪ አትበሏት። በሩን ማታም ክፈቱላት።"

አመስግኜ ተቀመጥኩ። ልጄ ቦርሳዬን መለሰችልኝና እጄን ያዘች።

ውሳኔው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ገንዘቡ ተፈቀደ። አሁን ልጄ ከሥራ ወጥታ ማታ ትታከማለች፤ ተመስገን። አስተርጓሚዋም እስከ ዛሬ ማኅበር ላይ ስንገናኝ ስለዚያ ምሽት ቃል አልወጣትም። እግዚአብሔር ይስጣት።

የዚያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። ቀጠሮዋ በማግሥቱ ስለነበረ ልጄ ዘንድ አደርኩ። ጠዋት ዳዊቴን ከደገምኩ በኋላ ተነሣን። ክሊኒኩ አጠገብ ስንደርስ ወደ ፓርኪንጉ ታጠፍኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

ጠባቂው ጎንበስ አለ። "እንደምን አደሩ፣ ማዘር! በደህና ነው?"

"ልጄን ላሳክም ነው" አልኩት። "እዚህ ክሊኒክ።"

"እግዜር ይማርልዎት። ይግቡ፣ በሩ ሥር ቦታ አለ።"

ገብቼ እዚያው አቆምኩ።