ወረቀት የምትበሳ ጠመንጃ

ሐረገወይን ጠመንጃ የገዛችው ለልጇ ብላ ነው። ለራሷ ቢሆን ኖሮ ጥይት የሚባል ነገር ደጃፏን አይረግጥም ነበር።

ያደገችው ጎጃም፣ ከቢቸና ወዲያ ባለች ትንሽ ቀበሌ ነው። አባቷ ምንሽር ነበራቸው። ከአልጋቸው ራስጌ ይሰቀላል፤ ለሠርግ ይወርዳል፣ ለለቅሶ ይወርዳል፣ ወንድሞቿ በየተራ ይወለውሉታል። እሷ አንድ ቀን አቧራውን ልትጠርግ እጇን ብትዘረጋ «ተይ! ሴት የነካችው ጠመንጃ ይከሽፋል» ብለው ገሠጿት። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ለእሷ የወንዶች ጩኸት ሆነ፤ ሲተኮስ ጆሮዋን ይዛ ጓዳ ትገባለች።

ኖርዌይ፣ ኦስሎ የመጣችው በሱዳን በኩል፣ ገና በወጣትነቷ ነው። ባሏ በየነ ልጃቸው ዮሐና እግር ሳትተክል ስታቫንገር የምትባል ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደና እዚያው ሌላ ትዳር ያዘ። ሐረገወይን ሞርተንሩድ በሚባል ሰፈር፣ የከተማው ባቡር የቲባነው መጨረሻ ላይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሰጣት ቤት ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ሥራዋ ቢየርቪካ ነው፤ ባሕሩ ዳር ከቆሙት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ቢሮ ታጸዳለች። ሠራተኞቹ ሳይመጡ ትገባለች፣ እነሱ ሲመጡ ትወጣለች። በየጠረጴዛው ላይ ካለው ፎቶ የልጆቻቸውን መልክ ታውቃለች፤ መሳቢያ ውስጥ የሚደብቁትን ቸኮሌት ሳይቀር ታውቃለች። እነሱን ራሳቸውን ግን መንገድ ላይ ብታገኛቸው አትለያቸውም።

ዮሐና አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት የክፍል ጓደኛዋ ሺስኪቲንግ ወሰደቻት። በበረዶ መንሸራተቻ እየሮጡ፣ መሀል ላይ ቆም ወይ ጋደም ብለው ኢላማ የሚመቱበት ስፖርት ነው። ልጅቷ ፊቷ በብርድ ቀልቶ፣ ዓይኗ በርቶ ተመለሰች።

«እማ፣ አምስቱንም መታሁ!»

«ምኑን ነው የመታሽው?» አለች ሐረገወይን ደንግጣ።

መጀመሪያ የክለቡን ጠመንጃ ነበር የምትጠቀመው። እያደገች፣ እየበረታች ስትመጣ አሠልጣኙ የራሷ ያስፈልጋታል አለ። በልጅ ስም ደግሞ አይሆንም፤ ወላጅ ነው ፈቃድ አውጥቶ የሚይዘው። ሐረገወይን «በፍጹም» አለች። ዮሐና አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ዝም አለች። እራት ላይ ዝም፣ ጠዋት ዝም። እናቷን በመጨረሻ ፈቃድ ልታወጣ ፖሊስ ጣቢያ የወሰዳት ያ ዝምታ ነው።

የብረት ሣጥን መጥቶ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ በብሎን ታሰረ። ከሱዳን ጀምሮ አብራት የመጣችው፣ በቤተ ክርስቲያንም የማትለያት ቆንጂት ልትጠይቃት ብትመጣ ሣጥኑን አየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የዮሐና ጠመንጃ ነው።»

ቆንጂት አማተበች። «ከጠመንጃ ሸሽተን መጥተን!»

ሐረገወይን ቡና ልታፈላ ተነሳች። ግን ጠመንጃዋን ባየቻት ቁጥር የምታውቀውን ጠመንጃ አልመስል አለቻት። ጥይቷ ከእርሳስ አትወፍርም። ስትተኮስ እንደ ምንሽሩ ሰማይ አትሰነጥቅም፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው ድምፅዋ። ትከሻ አትመታም። ልጅ አዝላት ትሮጣለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ክረምቶች የመጠበቅ ክረምቶች ነበሩ። እናትና ልጅ ማዮርስቱን ጣቢያ ላይ ባቡር እየቀየሩ ወደ ላይ፣ ወደ ጫካው ይወጣሉ። ሐረገወይን ላስቲክ አንጥፋ፣ ሻይ በቴርሞስ ይዛ ሌሎቹ ወላጆች አጠገብ ትቀመጣለች። እነሱ ጫካ ውስጥ ስላላቸው ጎጆ፣ መንሸራተቻ ስለሚቀባ ሰም ያወራሉ፤ እሷ ታዳምጣለች። ኢላማው ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ሲመታ ወደ ነጭ ይለወጣል። ውሎ አድሮ ዓይኗን ጨፍና እንኳ፣ ከዚያ ሁሉ ተኩስ መሀል የልጇን መለየት ጀመረች፤ ዮሐና ከሌሎቹ ትንሽ ትዘገያለች፣ ከዚያ አከታትላ ትለቃለች። ሐረገወይን ያኔ ደስ ብሏት ኖራለች። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ቢገባም የምትጠብቀው ሰው ነበራታ።

ዮሐና አሥራ ሰባት ሲሆናት «ደከመኝ» አለችና ተወችው። ለምን ብትባል «ባሬ ደከመኝ»፣ እንዲያው ደከመኝ፣ ብቻ ነው መልሷ። ትምህርቷን ስትጨርስ ትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከአገሩ ጫፍ፣ በክረምት ፀሐይ የማትወጣበት ሩቅ ሰሜን ነው። መጀመሪያ በየእሑዱ ትደውል ነበር። እሑዱ ወደ ማክሰኞ፣ ማክሰኞው ወደ ሌላ ሳምንት ተሸጋገረ።

«እማ፣ ጠመንጃውን ሽጪው በቃ፣ ቦታ ይዞብሻል» አለቻት አንድ ቀን።

ሐረገወይን ስልኩን ዘግታ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ቤቱ ሁሉ ቦታ ነው።

ቢሆንም ልትሸጠው ተነሳች። ክለቡን ብትጠይቅ ወደ ቶሪል ላኳት። ቶሪል ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ኖርዌጂያዊት ናት፤ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለውን የክረምት ተኩስ ቦታ የምትጠብቀው እሷ ናት። ጠመንጃዋን ከማኅደሯ አውጥታ እያገላበጠች አየቻት።

«ጥሩ አድርገሽ ይዘሻታል። ገዢ አይጠፋም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «አንቺ ራስሽ ተኩሰሽባት ታውቂያለሽ?» ስትል ጠየቀቻት።

«እኔ? አይ፣ እኔ እናቷ ነኝ።»

«በስምሽ ነው ያለችው። ሳትተኩሺባት ልትሸጫት ነው?»

ሐረገወይን ሳቀች፤ ቶሪል አልሳቀችም። ምንጣፍ አነጠፈች፣ የጆሮ መከላከያ ሰጠቻት፣ እንዴት እንደምትጋደም፣ ክርኗን የት እንደምትተክል አሳየቻት። ሐረገወይን በመኪና ሥር እንደገባ ሰው አፈረች። ወጥታ እንዳትሄድ ደግሞ ተጋድማለች። ዓይኗን ማነጣጠሪያው ላይ አደረገች። በሩቁ ግድግዳ ላይ ከአተር የማትበልጥ ጥቁር ነጥብ ታየቻት።

«ተንፍሺ» አለች ቶሪል። «ትንፋሽሽ ሲያልቅ፣ ሌላው ሳይጀምር፣ ቀስ ብለሽ ምላጩን ሳቢ።»

ተነፈሰች። ነጥቧ ወጣች፣ ወረደች፣ ቆመች። ጠሽ አለች ጠመንጃዋ። ምንም ነገር አልመታትም፣ ምንም አልጮኸባትም። ወረቀቱ ላይ ግን፣ ከጥቁሩ ወጣ ብሎ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ታየ። እዚያ ያ ቀዳዳ አልነበረም፤ አሁን አለ። ያደረገችው እሷ ናት።

ቀሚሷን አራግፋ ስትነሳ «አሁን አልሸጣትም መሰለኝ» አለች።

«መስሎኝ ነበር» አለች ቶሪል።

ሐረገወይን የጥንቃቄውን ኮርስ ወሰደች፣ አባልም ሆነች። በየረቡዑ ከሥራ በኋላ ትንሽ ተኝታ ትነሳና ጠመንጃዋን በማኅደሯ ይዛ ትሄዳለች። ምድር ቤቱ ዘይትና የተቃጠለ ባሩድ ይሸታል። የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። «ሃይ» ይላሉ፣ ጆሯቸውን ይሸፍናሉ፣ ይጋደማሉ። ማንም ከየት ነሽ አይላትም፤ ባልሽስ፣ ልጅሽስ አይላትም። ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ወረቀት ያያሉ። ስትተነፍስ፣ ስታቆም፣ ምላጩን ስትስብ በዚያች ቅጽበት ሐሳብ የሚባል ነገር ከራሷ ይወጣል። ትሮምሶ የለ፣ ስታቫንገር የለ፣ ባዶ ቤት የለ። ነጥቧ ብቻ። ቀለሁ ወለሉ ላይ ቅጭል ሲል ሁሉም ነገር ይመለሳል፤ እሷም ሌላ ታጎርሳለች።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቆንጂት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ሰው ያወራል፣ እቴ። ሐረገወይን ጠመንጃ ይዛ ቲባነ ላይ ታየች ይላሉ። ምን ልትገድይ ነው?»

«ወረቀት።»

«ኧረ በወላዲተ አምላክ!» ቆንጂት ትከሻዋን ያዘቻት። «ብቸኝነቱ ከሆነ እኔ ቤት ነይ። ቤት ሙሉ ሰው አለ።»

ሄደችም። የቆንጂት ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ አማቾች፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ያወራሉ። ሐረገወይን ሳህኗን ይዛ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ብይ አላት፣ ሁሉም ጨመረላት፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ወሬው ተመለሰ። ወደ ሞርተንሩድ ስትመለስ ከሄደችበት የባሰ ብቸኝነት ይዛ ነው የገባችው። ለቆንጂት ግን አልነገረቻትም። ደግ ሰው ናት፤ ምን ይባላታል?

ለፈረንጆቹ ገና ዮሐና መጣች። ሐረገወይን ዶሮ ሠርታ፣ አንሶላ ቀይራ፣ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ተቀበለቻት። ልጅቷ አድጋለች፤ አማርኛዋ ሳስቷል፣ ስታስብ የምታስበው በኖርሽክ፣ በኖርዌይ ቋንቋ፣ እንደሆነ ያስታውቃል። ሻንጣዋን ልታስገባ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት የተኩስ ጃኬት ተሰቅሎ አየች። ጃኬቱ የእሷ አልነበረም።

«እማ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«አልሸጥሽውም እንዴ?»

ሐረገወይን ነገረቻት፤ ስለ ቶሪል፣ ስለ ረቡዕ፣ ወረቀቱ ላይ ስለበሳችው ቀዳዳ። ደስ ይላታል ብላ ነበር። ዮሐና አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«ያ ግን የኔ ነገር ነበር፣ እማ።»

«ተውሽው እኮ። ለምን እንደተውሽው እንኳ አልነገርሽኝም።»

ልጅቷ ቃል ፈለገች። ግማሹን በኖርሽክ፣ ግማሹን በአማርኛ እንዲህ አለች፦ «ስተኩስ ዞር ብዬ አንቺን አይሻለሁ። ስመታ ፊትሽ ይበራል፤ ስስት እንደታመመ ሰው ትሆኛለሽ። ሌሎቹ ወላጆች ያወራሉ፣ ይስቃሉ፤ አንቺ ግን እኔን ብቻ ነው የምታዪው። በኋላ ኢላማው ጠፋብኝ፤ የምመታው ላንቺ ብዬ ሆነ። ከበደኝ።»

ሐረገወይን ልቆጣ ብትል ቁጣው አልመጣ አለ፤ እውነት መሆኑን አውቃለች። «ዶሮው ይቀዘቅዛል» ብላ ወጣች። በሉ። ስለ ትሮምሶ ብርድ፣ ስለ ፈተና አወሩ። የመሄጃዋ ቀን ሲደርስ ተቃቅፈው ተለያዩ፤ ዮሐና «ሃዴ፣ እማ» ብላ በኖርሽክ ተሰናበተቻትና ባቡሩ ውስጥ ገብታ ስልኳን አወጣች።

ለተወሰኑ ሳምንታት ሐረገወይን ምድር ቤቱን አልረገጠችም። ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ፣ ቤት ሆነ። በቅጡ ሳይነጋ ይመሻል። በመጨረሻ ቶሪል ደወለች፤ ሌላ ነገር ሳታወራ «ረቡዕ ነው» አለቻት። ሄደች። ስትተኩስ ግን ጥይቶቿ ወረቀቱ ላይ እንደተበተነ ሽንብራ ሆኑ። ፎቶ አንስታው፣ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቅ፣ ለዮሐና ላከችው። ከቲባነው ሳትወርድ ስልኳ ጠራ።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሁሉም ተበታትኗል እኮ!»

«ምናልባት ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።»

«ዓይንሽ አይደለም። አንገትሽ ይጠብቃል?»

«በጣም።»

«ሰደፉ ነው። በኔ ቁመት ነው የተስተካከለው፤ ለአንቺ ይረዝማል። በአለን ቁልፍ፣ በዚያች ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ፣ ይፈታል፣ ቀላል ነው። ቶሪል አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን አላሳጠርሽውም?»

ባቡሩ ከዋሻው ወጣ። ሐረገወይን ማኅደሩን በጉልበቶቿ መሀል አጥብቃ ያዘችው። «ምናልባት ብትመለሺበት ብዬ» አለች።

 

«አልመለስም፣ እማ» አለች ዮሐና። «ወደ ተኩሱ ማለቴ ነው።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።»

«ስለዚህ አሳጥሪው። ያንቺ ነው።»

በሚቀጥለው ረቡዕ ቶሪል ቁልፉን አምጥታ ሰደፉን ፈታችው። የዮሐና ልክ የነበረበት ቦታ ላይ ብረቱ ነጣ ብሎ ነበር፤ ሐረገወይን በአውራ ጣቷ ደባበሰችው፣ ከዚያ «እሺ» አለች። ቶሪል ገፋ፣ ለካ፣ ገፋ አድርጋ አጠበቀችው። ሐረገወይን ተጋደመች። ጠመንጃዋ ትከሻዋ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች፤ ጭንቅላቷም ቦታ ሳይፈልግ በቦታው ተገኘ። የዚያን ቀን ከጥይቶቿ ጥቁሩን የሳቱ ቢኖሩም ሁሉም ተሰባሰቡ፣ አንድ ሳንቲም የሚሸፍናቸው ያህል።

አሁንም ሞርተንሩድ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ረቡዕ ማታ ስትመለስ ባቡሩ በየጣቢያው ሰው እያራገፈ ይሄድና መጨረሻው ላይ እሷና አንድ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ። ቤት ገብታ ጠመንጃዋን ትወለውላለች፣ ትቆልፋለች፣ ትተኛለች። ዮሐና አልፎ አልፎ ትደውላለች። ስለ ምላጭ፣ ስለ ትንፋሽ ትንሽ ያወራሉ፤ ከዚያ ወሬው ያልቃል። ድሮ ሐረገወይን ያን ዝምታ ስለምትፈራው ቶሎ ብላ «በላሽ? ለበስሽ?» ትል ነበር። አሁን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ማዶም ልጇ ስትተነፍስ ይሰማታል፤ አንዳቸው «ደህና እደሪ» እስክትል ድረስ።