የታችኛው ቤት አስተማሪ

ባለፈው እሑድ የልጄን ፀጉር ልሠራ አዲስ የገዛሁትን ቅባት ስከፍት የናናና የቫዝሊን ሽታ ተቀላቅሎ አወደኝ። እጄ ማበጠሪያውን እንደያዘ ቀረ። "ማሚ፣ ጀምሪ እንጂ" አለችኝ ልጄ። እኔ ግን ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር፣ ያ ቡናማ ጡብ አፓርትመንት በረንዳ ላይ፣ የአንዲት አሮጊት ጉልበቶች መሀል ተቀምጬ ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዳላስ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። እናቴ ፎርት ዎርዝ፣ አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ ቅዳሜም ሥራ ነች። ስለዚህ ፀጉሬን የሚሠራልኝ ሰው አልነበረም። ከእኛ በታች የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት የክፍሌ ልጅ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ስታየኝ፣ ራሴን ትንሽ አጥንታ፣ "አያቴ ይሠሩልሻል" ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ጓደኝነታችን የተጀመረው እንዲህ ነው።

አያቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። የዕድሜያቸውን ግማሽ ያስተማሩት ምሥራቅ ቴክሳስ ገጠር ውስጥ፣ ጥቁር ልጆች ብቻ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። መጻሕፍቱ የሚመጡላቸው የነጮቹ ልጆች ተምረውባቸው ካረጁ በኋላ ነበር፤ የተማሪ ስም የሚጻፍበት ቦታ ሞልቶ። እሳቸው ወረቀት እየቆረጡ ይለጥፉና የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ይጽፉበታል። ይህን የነገሩኝ ፀጉሬን እየጎነጎኑ ነው። ጣታቸው ፈጣን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ከበረንዳው ባሻገር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ልጆች ኳስ ሲያነጥሩ ይሰማል። ነግረውኝ ሲጨርሱ ይጠይቁኛል፤ ከተሳሳትኩ ጉንጉኑን ጠበቅ ያደርጉታል።

"ባርነት በሕግ ከቀረ በኋላ ማንበብ ቀድሞ የተማረው ማነው? ልጆቹ ወይስ ወላጆቹ?"

"ልጆቹ?"

ጠበቅ።

"አብረው ነው" ትለኛለች ጓደኛዬ በሹክሹክታ።

"አንቺን የጠየቀሽ የለም" ይሏታል አያቷ።

አባቴ ነገሩን አልወደደውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ስለ እኛ ይፈራ ነበር። "እሱ የእነሱ ታሪክ ነው፤ አንቺ የራስሽ አለሽ" ይለኛል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ አስጠንቶኛል። "ፖሊስም ይሁን ዘበኛ ካስቆመሽ፣ ከሁሉ በፊት 'ከኢትዮጵያ ነኝ' በይ። እንዲለዩሽ።"

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ጓደኛዬ ለእናቷ ልደት ካርድ ልትመርጥ አንድ ሱቅ ገባን። ዘበኛው ከገባንባት ደቂቃ ጀምሮ ከኋላችን ነበር። ቆም ስንል ቆም ይላል፣ ስንሄድ ይከተላል። እሷ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ዞራ እንኳ አላየችውም። የወደደችው ካርድ ስላልነበረ ባዶ እጃችንን ስንወጣ በሩ ላይ አስቆመን።

"ቦርሳችሁን ክፈቱ።"

ያ ያጠናሁት ነገር ወጣ፤ ግን ብቻውን አልወጣም።

"እኔ ከኢትዮጵያ ነኝ። ከእሷ ጋር አይደለሁም።"

ሰውዬው አየኝና በእጁ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። ውጭ ቆሜ በመስታወቱ ሳይ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ ግማሽ ብስኩት። ሌላ ምንም የለም። ዕቃዋን ስትሰበስብ አልቸኮለችም፤ ደብተሯን አቃንታ፣ እርሳሶቿን ኪሳቸው ውስጥ ከትታ ወጣች። አጠገቤ ስትደርስ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እስከ ቤት ድረስ ጀርባዋን እያየሁ ተከተልኳት።

ራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። "ጎበዝ! የእኔ ልጅ" አለኝ። ቤታችን ውስጥ ሌላ ጊዜ ያን ቃል ለመስማት ብዙ እደክም ነበር። የዚያን ቀን ግን ሳህኔን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ።

ሦስት ቅዳሜ አልወረድኩም። ፀጉሬ ተፈታ፣ ተንጨፈረረ። ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ወንበር ቀየረች። በአራተኛው ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት አሮጊቷ፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ደረጃውን ሁሉ ወጥተው፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

"ያን ጭንቅላት ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

ተከትያቸው ወረድኩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ ስለ ራሳቸው ጀመሩ።

"አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እንደምታይኝ ቀይ ነኝ፤ እናቴ ግን ጥቁር ነበረች። ከተማ መሀል አንድ ትልቅ ሱቅ ገባን። ያን ጊዜ ጥቁር ሰው ኮፍያ ይገዛል እንጂ ራሱ ላይ አድርጎ አይለካም። ሻጯ ነጭ መሰልኳትና መስታወት ፊት አቁማ አንዱን አስለካችኝ። ሲያምርብኝ! ከዚያ እናቴን አየቻትና 'ይቺ ሴትዮ ከአንቺ ጋር ናት?' አለችኝ። 'የቤታችን ሠራተኛ ናት' አልኳት።"

ጣቶቻቸው ፀጉሬ ውስጥ እንዳሉ ቆሙ።

"እናትዎ ምን አሉ?"

"ምንም። የገዛነውን ዕቃ ተሸክማ፣ ልክ እንደ ሠራተኛ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለችኝ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ። እስክትሞት አላነሳችብኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም።"

ጉንጉኑን ቀጠሉ።

"መጽሐፍ ላይ የምታገኚው እምቢ ያሉትን ነው። አንብቢ፣ ጥሩ ነው። ግን እኔም ታሪክ ነኝ። እናቴን የካድኩት ክፉ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ያ ሱቅ እንደዚያ ተደርጎ ስለተሠራ ጭምር ነው። ይህን ካልተማርሽ በዘበኛው ፊት ያደረግሽው የአንቺ ክፋት ብቻ ይመስልሻል። ወይም ደግሞ ጉብዝና ይመስልሻል፤ እሱ ይብሳል።"

እንባዬ አመለጠኝ። አባቴ "ጎበዝ" እንዳለኝ ማንም አልነገራቸውም።

"አሁን ሂጂና ንገሪያት። ይቅርታውን አታስቀድሚ። ያደረግሽውን አስቀድሚ።"

ጓደኛዬ የበረንዳው በር ላይ ቆማ ነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያልኩትን፣ አባቴ ያስጠናኝን፣ በመስታወቱ ያየሁትን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ነገ ቢያስቆመን ደግመሽ ትይዋለሽ?"

"አላውቅም" አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችኝ። "ኦኬ" አለች በመጨረሻ። "አልዋሸሽም።" መጥታ ምንጣፉ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

ፀጉሯን እየሠራሁ ይህን ስነግራት፣ እዚህ ላይ ስደርስ ነው ልጄ ባለፈው እሑድ ዞር ብላ "እና፣ ከዚያ በኋላ ደግመሽ አልሽው?" ብላ የጠየቀችኝ። አላልኩትም። ሁለቴ ተጠየቅኩ፣ ሁለቴም "አብረን ነን" አልኩ፤ ሁለቴም ቦርሳዬ ተገለበጠ።

በዚያው ሰሞን ለአባቴ ያን ዐረፍተ ነገር ከእንግዲህ እንደማልለው ስነግረው ተቆጣ። "እኔ እንዳትነኪ ብዬ ነው እንጂ ሰው ካጂ አልኩሽ?" ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ። የአሮጊቷን ታሪክም ነገርኩት፤ ማንበቡን አላቆመም። ቆይቶ ግን ጋዜጣውን ዝቅ አደረገና "እናትየዋ ተሸከመችው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ። እስከ አውቶቡሱ።"

በሳምንቱ የመኪና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ በረንዳው ላይ ብቅ አለ። አሜሪካ ከእኛ ዓመታት ቀድሞ ገብቶ የዜግነት ፈተናው ተቃርቦ ስለነበር የጥያቄዎቹን መጽሐፍ ለአሮጊቷ አሳያቸው። ወንበር አቀረቡለት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት ይቀመጣል፤ እኛ ምንጣፍ ላይ፣ እሱ ወንበር ላይ። "እማማ" ይላቸው ነበር፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ስለ ባሪያዎች ነፃነት አዋጅ የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ፣ አሮጊቷ አዋጁ ቴክሳስ የደረሰው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑን ጨመሩለት።

አባቴ ሳቀ። "ወረቀቱ በእግሩ ነው እንዴ የመጣው?"

"ወሬውን የሚያውቁ ጌቶች ነበሩ" አሉት። "ጥጡ እስኪለቀም ብለው ደበቁት ይሉ ነበር ወላጆቼ።"

አባቴ ሳቁን አቋርጦ እርሳስ ጠየቀኝና በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በአማርኛ ጻፈው። ፈተናውን ካለፈ በኋላም ቅዳሜውን አልተወም።

ሃይስኩል ልንጨርስ ስንል አሮጊቷ ታመሙ፤ ብዙም አልቆዩ። የቀብራቸው ዕለት አባቴ ሥራ ትቶ በታክሲው ወሰደኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ኋላ ተቀመጥን። ፓስተሩ ንግግሩን ሲጨርስ "እሳቸው ያስተማሯችሁ እስኪ ተነሱ" አለ። በመጀመሪያ ከዘራ የያዙ ሽማግሌዎች ተነሱ፤ ከዚያ ሴቶች፣ ከዚያ ጎልማሶች። ጓደኛዬ ከፊት፣ ከቤተሰቡ መሀል፣ አንገቷን አዙራ በዓይኗ ፈለገችኝ። ተነሳሁ።

አጠገቤ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሰው በተሰበሰበበት ዓይን ውስጥ መግባት የማይወደው አባቴ፣ የሥራ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ተነስቶ ቆሟል። ከወዲያኛው ጎኑ የቆመች ትልቅ ሴትዮ ቀና ብላ አየችውና "የት ነው ያስተማሩህ?" አለችው በቀስታ።

አባቴ እንግሊዝኛው ጠፋበት። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ "በረንዳ ላይ በያት" አለኝ፤ እኔም እያለቀስኩ ስለነበር መተርጎም አልቻልኩም። ሴትየዋ መልስ አልጠበቀችም። መዝሙሩ ሲጀመር የመዝሙር መጽሐፏን ከፍታ ግማሹን ወደ እሱ አዞረችለት።