የሰው ወረቀት የሞላው ዲስክ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የአቻምየለሽን ኮምፒውተር ግን እንቁላሉም ቀድሞታል። ጠዋት አብርታው፣ ሱቋን ጠርጋ፣ ደጁን ውሃ ረጭታ ስትመለስ ገና እያሰበ ይጠብቃታል። ሞያሌ ውስጥ የልደት ወረቀት ስካን የሚያስደርግ፣ ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚልክ ሁሉ ወደ እሷ ኢንተርኔት ቤት ነበር የሚመጣው። አሁን ግን ቆሞ ያዛጋና ወደ ማዶው ሱቅ ይሻገራል። በዚህ ከቀጠለ ወር ሳይሞላ በሩን መዝጋቷ ነው።

የቡቲዬ ሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሁካ መጥቶ መረመረና ሳቀ።

"ዳዳ፣ እህቴ፣ ዲስኩ እስከ አፉ ሞልቷል እኮ! የዘጠኝ ዓመት የሰው ወረቀት ምን ያደርግልሻል? አጥፊው።"

ማጥፋት! አቻምየለሽ የተወለደችው ዋልዳ፣ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። የአባቷ መታወቂያ ከነጎጆው ተቃጥሎ፣ ሰውዬው ማንነቱን ለማስረዳት ስድስት ዓመት ደጅ ጠንቷል። የሰው ወረቀት ለማጥፋት እጇ እንዴት ይታዘዛት?

"እንግዲያው ባለቤቶቹ ይውሰዱትና ላጥፋው" ብላ ስልክ መደወል ጀመረች። ማን እሺ ይበላት! ደንበኛዋ ዋሪዮ "እኔ ቤት ፍየል ይበላዋል" አለ። ከኦቦ መንደር አሮጊቷ ማማ ሀሊሞ ጭራሽ ተቆጡ።

"ልጄ፣ ጣሪያዬ ያፈሳል። አንቺ ጋ አስቀምጬ አይደል እንቅልፍ የሚወስደኝ?"

ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ለካ ሳታውቀው የሰው ሁሉ አደራ እሷ ዘንድ ኖሯል። ሁካ ይህን ሲሰማ አንገቱን አከከ፤ ስለ ማጥፋትም ዳግመኛ አላነሳም።

በማግስቱ ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ ላይ ኤስኤስዲ የሚሉትን ትንሽዬ ፈጣን ዲስክ ነቅሎ መጣ። ዊንዶውሱንና ፕሮግራሙን ሁሉ በዚህች ዲስክ ላይ ጫነና ከአሮጌው ላይ አነሳው። አሮጌው ለወረቀት ብቻ ቀረ፤ ሸክሙ ሲቀልለትም ትርፍ ቦታ ተገኘ። አቻምየለሽ ቁልፉን ተጫነች። ወንበሯን ስባ ሳትቀመጥ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ጠበቃት። እልል አለች፤ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ብቅ ብለው አዩ።

በሳምንቱ ማማ ሀሊሞ የልጅ ልጃቸውን የትምህርት ማስረጃ በፌስታል ጠቅልለው ከኦቦ መጡ።

"ቦታ አለሽ?" አሉ ከበሩ ላይ፣ ፈራ ተባ እያሉ።

"አለኝ እንጂ ማማ፣ ይግቡ" አለችና ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።